የጀግንነትና የክብር ቃላት ከወዴት መጡ?

ቃል እንደ ሰው ነው። ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ካገር አገር ይሰደዳል። አንዳንዱ ቃል ሎሌ ሆኖ ተወልዶ ጌታ ይሆናል። አንዳንዱም በክብር ኖሮ በመጨረሻ ስድብ ይሆንና ሰው ያጣላል።

ለምሳሌ «ልጁ ደፋር ነው» ብንል ማመስገናችን ነው ወይስ መውቀሳችን? ነገሩ እንዳነጋገራችን ነው። ጅብ ከበረት ሲገባ ጦሩን ይዞ የሚወጣውን ደፋር እንለዋለን። በሽማግሌ ፊት አፉን የሚከፍተውን ልጅም ደፋር እንለዋለን። ቃሉ አንድ ነው፤ ሚዛኑ ግን ሁለት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ቋንቋ ብቻ የሚታይ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ እንግሊዞች ጀግናንና የተከበረን ሰው የሚጠሩባቸው ቃላት ከየት እንደመጡ እንመለከታለን። እንግሊዝኛን የመረጥነው ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩት ቋንቋ ስለሆነ ነው። ደግሞም የነዚህን ቃላት ታሪክ ስንከተል ሳናስበው ከገበሬው ደጃፍ እንደርሳለን። እንዴት እንደሆነ ወደፊት እናያለን።

የጌቶች ቋንቋና የገበሬዎች ቋንቋ

ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት አንግልና ሳክሰን የሚባሉ ነገዶች ከዛሬዎቹ ጀርመንና ዴንማርክ ጠረፍ ተነሥተው ባሕር ተሻግረው በእንግሊዝ አገር ሰፈሩ። የዛሬው እንግሊዝኛ ሥሩ የእነዚህ ሰዎች ቋንቋ ነው። በ1066 እ.ኤ.አ. ግን የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ከፈረንሳይ ጠረፍ ጦር ይዞ መጣ። ሄስቲንግስ በተባለ ቦታ ተዋግቶ የእንግሊዙን ንጉሥ ሃሮልድን ድል አደረገና ዙፋኑን ያዘ። መሬቱንም ከነባሮቹ መኳንንት ነጥቆ ለተከታዮቹ አደለ።

ከዚያ በኋላ 300 ዓመት ለሚሆን ጊዜ የቤተ መንግሥቱና የጌቶቹ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። እንግሊዝኛ የሚናገረው አራሹ፣ እረኛውና አንጥረኛው ነበር። የዚህ ምልክት እስከ ዛሬ በቋንቋው ውስጥ ይታያል። ላም በመስክ ስትግጥ «ካው» ትባላለች፤ ይህ የአራሹ ቃል ነው። ታርዳ ሥጋዋ በገበታ ላይ ሲቀርብ ግን «ቢፍ» ይባላል፤ ይህ ከፈረንሳይኛ የመጣው የጌታው ቃል ነው። በግም እንዲሁ ነው። በሕይወት ሳለ «ሺፕ» ይባላል፤ ሥጋው ግን «መተን» ነው። ያረባው አንዱ፣ የበላው ሌላው እንደነበረ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

በ1362 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ሙግት በእንግሊዝኛ እንዲሆን ሕግ ወጣ። ምክንያቱም ሕዝቡ የሚከሰስበትንና የሚፈረድበትን ቋንቋ አያውቀውም ነበር።

ስለዚህ በእንግሊዝኛ ውስጥ ከጀግንነትና ከክብር ቃላት ብዙዎቹ በፈረንሳይኛ በኩል ያለፉ ናቸው። ጌቶቹ መልካሙን ስም ለራሳቸው ያዙ። የገበሬው ስም ምን ሆነ? ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ልብ፣ አንጀትና ሐሞት

ጀግንነት በሰው አካል ውስጥ የት ይቀመጣል? እኛ «ልበ ሙሉ» እንላለን። እንግሊዞችም «ከሬጅየስ» ይላሉ። ይህ ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የፈረንሳይኛውም ሥር ላቲን ሲሆን በላቲን «ኮር» ማለት ልብ ነው። እንግዲህ ከሬጅየስ ማለት ልበ ሙሉ ማለት ነው። ባሕርና በረሃ የለያየን ሕዝቦች በአንድ ቦታ ተገናኘን ማለት አይደለም እንዴ?

እንግሊዞች ግን በልብ ብቻ አልተወሰኑም። «ገትሲ» የሚል ቃልም አላቸው፤ ገትስ ማለት አንጀት ነው። አንጀት ያለው ሰው ደፋር ነው ይላሉ። እኛም መከራን የቻለውን ሰው «አንጀቱን አስሮ ቻለ» እንላለን። «ፕላኪ» የሚባል ቃልም አለ። ፕላክ ማለት በግ ወይም በሬ ሲታረድ ከደረቱ ተጎትቶ የሚወጣው ልብ፣ ሳንባና ጉበት ነው። የሥጋ ነጋዴዎች ቃል ነበር። ቆይቶ ሳይፈራ የሚጋፈጥ ሰው ፕላኪ ተባለ። ፈሪውን ደግሞ ጉበቱ እንደ አበባ የነጣ ነው ይሉታል። በጉበቱ ደም የለውም ለማለት ነው።

እኛ ደግሞ ሐሞትን እንጠራለን። ቆፍጣናው «ሐሞተ ኮስታራ» ነው፤ የፈራው «ሐሞቱ ፈሰሰ» ይባላል። «ቆራጥ» የምንለውም ቃል ቆረጠ ከሚለው የመጣ ነው። የሚገርመው በእንግሊዝኛም «ዲሳይሲቭ» የሚለው ቃል፣ ማለትም የማያመነታ፣ ሥሩ በላቲን ቆርጦ መጣል ማለት ነው። ሁለቱም ሕዝብ ውሳኔን እንደ ስለት አይቶታል።

«ካዋርድሊ» የሚለው ቃልስ? ፈሪ ማለት ነው። ሥሩ በድሮው ፈረንሳይኛ ጅራት ማለት ነው። ውሻ ሲፈራ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ሸጉጦ ይሸሻል። ፈሪውን ሰው በዚያ መሰሉት። እረኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ደፋሩ፣ አስፈሪውና አጊያጩ

«ቦልድ» የሚለው ቃል ከፈረንሳይ የመጣ አይደለም። ከጥንቱ የአንግሎችና የሳክሰኖች ቋንቋ የወረደ ነው። ሊዮፖልድ፣ አርችባልድ፣ ቦልድዊን በሚሉት የሰው ስሞች ውስጥም ይገኛል። ቦልድ ልክ እንደ እኛ «ደፋር» ሁለት ፊት አለው። በጦር ሜዳ ሲሆን ምስጋና ነው፤ በአየርላንድ ግን ያስቸገረ ልጅ ቦልድ ይባላል። በማተሚያ ቤትም ወፍራሙና ደማቁ ፊደል ቦልድ ይባላል፤ ከሌሎቹ ፊደላት መካከል ፊት ለፊት ወጥቶ ስለሚታይ ነው።

«ብሬቭ» ዛሬ ጀግና ማለት ነው። ከጣሊያንኛው «ብራቮ» በፈረንሳይኛ በኩል የተወሰደ ነው። በጥንት ጊዜ ግን ይህ ቃል ምስጋና ብቻ አልነበረም። ያልተገራ፣ አውሬ የሆነ ማለትም ነበር። እስፓኞች እስከ አሁን ለትግል የሚያሳድጉትን ተናካሽ ኮርማ በዚሁ ቃል ይጠሩታል። እኛም በየስብሰባው ጎበዝ ለማለት «ብራቮ!» ብለን ስናጨበጭብ የዚያን ኮርማ ስም መጥራታችን ነው።

«ጋላንት» የሚለው ደግሞ ከጭፈራ ቤት የመጣ ነው። በድሮው ፈረንሳይኛ መደሰት፣ መፈንጠዝ፣ አምሮ መታየት ማለት ነበር። ከዚያ ያማረ ልብስ የለበሰውን ጎበዝ ማለት ሆነ። ከዚያም በጦር ሜዳ የማይፈራውን ማለት ሆነ። በእንግሊዝ ምክር ቤትም የጦር መኮንን የነበረ አባል ከሌሎቹ ተለይቶ በዚህ ቃል እየተጠራ ይከበር ነበር።

የጭነት ፈረስና የክብር ፈረስ

ባገራችን ፈረስና ጀግና አይለያዩም። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ባልቻ ሳፎም «አባ ነፍሶ» ተብለው በፈረስ ስማቸው ተጠርተዋል። በአውሮፓም እንዲሁ ነበር። «ሺቫልረስ» የሚለው ቃል ለደካማ የሚራራ፣ ቃሉን የሚጠብቅ፣ የተከበረ ተዋጊ ማለት ነው። የመጣውም ፈረሰኛ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

ነገር ግን ሥሩን ብንቆፍር ሌላ ነገር እናገኛለን። ሮማውያን ለመልካሙ ፈረስ «ኤኩስ» የሚል ቃል ነበራቸው። ተራው ሰው ለሥራና ለጭነት የሚጠቀምበትን ፈረስ ግን «ካባሉስ» ይለው ነበር። ፈረንሳይኛው የተወለደው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። እንግዲህ ያ የኩራት ቃል እህል ጭኖ ገበያ ከሚወርደው ምስኪን ፈረስ የተገኘ ነው።

ፈረሰኛው ራሱ በእንግሊዝኛ «ናይት» ይባላል። ይህም ቃል በመጀመሪያ ልጅ፣ አሽከር ማለት ነበር። በጀርመንኛ ወንድሙ የሆነው ቃል እስከ ዛሬ ሎሌ ማለት ነው። እንግሊዙ አሽከር ከንጉሡ ጎን ሲዋጋ ሹመት አገኘና ቃሉ አብሮት ከፍ አለ። በእኛም «ብላቴና» ማለት ልጅ፣ አሽከር ሲሆን «ብላቴን ጌታ» ግን ትልቅ የቤተ መንግሥት ማዕረግ ነበር።

ዋጋ ያለው ሰው

«ቫሊያንት» ማለትም ጀግና ነው። ሥሩ በላቲን መበርታት፣ ዋጋ ማውጣት ማለት ነው። ዋጋ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ቫልዩ» እና ጀግንነት የሚለው «ቫለር» የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1856 እ.ኤ.አ. አንድ የጀግና ሜዳይ አቋቋመች። ስሙ የቪክቶሪያ መስቀል ይባላል። አስቀድሞ «ለጀግኖች» ተብሎ እንዲጻፍበት ታስቦ ነበር። ንግሥቲቱ ግን እንዲህ ከተባለ ሜዳዩን ያላገኙት ሁሉ ጀግና አይደሉም ያሰኛል ብላ «ስለ ጀግንነት» ተብሎ እንዲጻፍ አደረገች። የአንዲት ቃል ለውጥ ናት፤ ግን የስንቱን ሰው ክብር ጠበቀች! ሌላም ቁም ነገር አለው። ይህ ሜዳይ መኮንንና ተራ ወታደር ሳይል ለሁሉም እኩል የሚሰጥ ነው።

ይህ ሜዳይ ባገራችን ምድር ለተፈጸመ ሥራም ተሰጥቷል። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. (13 አፕሪል 1868 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ጄምስ በርጊን የተባለ ተራ ወታደርና ማይክል ማግነር የተባለ ከበሮ መቺ ገደሉን ወጥተው፣ የእሾህ አጥሩን አልፈው ከገቡት መካከል የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ለሁለቱም የቪክቶሪያ መስቀል ተሰጣቸው። በዚያው ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው በራሳቸው ሽጉጥ ሞቱ። ጦሩም የመቅደላን ቅርስና መጻሕፍት ዘርፎ ሄደ።

እንግዲህ በአንድ ተራራ ላይ፣ በአንድ ቀን ጀግንነት በሁለት ወገን ታየ። ለአንደኛው ወገን ሜዳይ ተሰጠው። የሌላውን ስም ሕዝቡ በልቡ ያዘው። ከዚህ የምንረዳው ጀግና የሚለውን ቃል ማን እንደተናገረው ማየት እንደሚያስፈልግ ነው። ደግሞም ወታደሩ ደፋር ስለሆነ የተላከበት ሥራ ሁሉ ትክክል ነበር ማለት አይደለም።

የተከበረው ማን ነው?

አሁን ወደ ክብር ቃላት እንለፍ። «ኖብል» ማለት ዛሬ ልበ ትልቅ፣ ክቡር ማለት ነው። በላቲን ግን የታወቀ፣ ዝነኛ ማለት ነበር። ከዚያ ዘሩ የታወቀ ማለት ሆነ። «ጀንትል» ዛሬ ለስላሳ፣ ገራም ማለት ነው፤ በመጀመሪያ ግን የመልካም ጎሣ ልጅ ማለት ነበር። ከተሜው «ጀንትልማን» የሚለው ከዚህ የመጣ ነው። «ጄኔረስ» ዛሬ ቸር፣ ለጋስ ማለት ነው፤ መነሻው ግን ከትልቅ ዘር የተወለደ ማለት ነበር። «ኦነስት» ዛሬ እውነተኛ፣ የማያታልል ማለት ነው፤ ሥሩ ግን ክብር ከሚለው የላቲን ቃል ነው።

«ፍራንክ» የሚለውም ደስ የሚል ታሪክ አለው። ፍራንኮች የዛሬዋን ፈረንሳይ ድል አድርገው የያዙ ነገድ ነበሩ። ሙሉ ነፃነት የነበራቸው እነሱ ስለነበሩ ፍራንክ ማለት ነፃ ሰው ማለት ሆነ። ነፃ ሰው ያሰበውን ሳይፈራ ይናገራልና ዛሬ ፍራንክ ማለት ግልጽ ተናጋሪ ነው። እኛም «ፈረንጅ» የምንለው ከዚሁ ነገድ ስም በዐረቦች በኩል የመጣ ነው።

ልብ በሉ! ገራምነትም፣ ቸርነትም፣ እውነትም፣ ግልጽነትም የባለ ዘሮች ንብረት ተደርገው ነበር። ድሀ ቸር ሊሆን አይችልም ያሉ ይመስላል። ዳሩ ግን ጌታው ራሱ ስሙን ያገኘው ከእንጀራ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሎርድ» ማለት ዳቦ ጠባቂ፣ «ሌዲ» ማለትም ሊጥ አቡኪ ነበር። ዳቦውን ያበቀለው ግን ማን ነው?

ገበሬ እንዴት ስድብ ሆነ?

በእንግሊዝኛ ወንጀለኛ፣ ክፉ ሰው «ቪለን» ይባላል። በፊልም ውስጥ ሁሉም የሚጠላው ሰው ቪለን ነው። ይህ ቃል በመነሻው ምን ማለት ነበር? ገበሬ ማለት ነበር። በላቲን «ቪላ» ማለት የገጠር ርስት ሲሆን ቪለን በዚያ ርስት ላይ የሚያርስ ሰው ነው። በእንግሊዝ አገር ቪለን የመሬቱ እስረኛ ነበር። ያለ ጌታው ፈቃድ መሬቱን ለቆ መሄድ አይችልም። ልጁን ሲድርም ለጌታው ይከፍላል። ባገራችን የነበረው ጭሰኛ ካሰኛቸው ይነቀል ነበር፤ ቪለን ግን ልሂድ ቢልም አይለቁትም። ጌቶቹ እንዲህ አድርገው ካስገበሩት በኋላ ስሙን ወስደው የክፉ ሰው ስም አደረጉት።

«ቸርሊሽ» ማለትም ባለጌ፣ ጨካኝ ማለት ነው። የመጣበት ቃል ግን በጥንቱ እንግሊዝኛ ነፃ አራሽ ማለት ነበር። ቻርልስ የሚለው የሰው ስምም የዚያው ሥር ልጅ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የነገሠው የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ ይባላል። አንዱ ወንድም ዙፋን ላይ ወጣ፣ ሌላው ስድብ ሆነ! «ቡሪሽ» ማለትም ያልሠለጠነ ማለት ሲሆን በሆላንድ ቋንቋ ገበሬ ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

ቪለኖቹ ግን ዝም ብለው አልኖሩም። በ1380 እ.ኤ.አ. መንግሥት ዕድሜው ከ15 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ በነፍስ ወከፍ 12 ፔኒ ግብር ጣለ። በ1381 እ.ኤ.አ. ገበሬዎቹ ዋት ታይለር በሚባል ሰው መሪነት ተነሥተው ለንደን ገቡ። ጆን ቦል የተባለ ቄስም ሰው ሁሉ በፍጥረቱ እኩል ነው እያለ ይሰብክ ነበር። ገበሬዎቹ ቪለንነት ይቅር አሉ። ንጉሥ ሪቻርድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ እሺ ብሎ የነፃነት ወረቀት ሰጣቸው። ዋት ታይለር በንግግር ላይ ሳለ ተገደለ። ጆን ቦልም ተሰቀለ። ንጉሡም የሰጠውን ወረቀት ሻረው።

አሁን እንጠይቅ። ቃሉን ያጠፈው ማን ነው? ነፍሱን የሰጠው ማን ነው? በቃላቱ ብንሄድ ንጉሡ ኖብል፣ ገበሬው ቪለን ነው። በሥራቸው ብንመዝናቸው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቪለንነት በሚቀጥሉት ዘመናት ቀስ በቀስ ጠፋ። ስድቡ ግን ቀረ።

በእኛስ ቋንቋ?

በሰው ቋንቋ ብቻ አንፍረድ። «ባላገር» ማለት ያገር ባለቤት ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ክቡር ስም ከየት ይገኛል? አንዳንድ ከተሜ ግን ያልሠለጠነ ለማለት «ባላገር!» ብሎ ይሳደብበታል። ቪለን የሄደበት መንገድ ይኸው ነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቷል። ስድብን ግን አዋጅ አያስቀረውም። ስድብ የሚቀረው ተናጋሪው ሲያፍርበትና ተሰዳቢው አንገቱን ሲያቀና ነው።

«ጨዋ» የሚለውንም ቃል እንይ። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ ጨዋ ማለት በየጠረፉ የሰፈረ የንጉሥ ወታደር ነበር። ቆይቶ የተከበረ ዘር ማለት ሆነ። ዛሬ ጨዋ ማለት ሥርዓት ያለው ሰው ነው። በቤተ ክህነት አነጋገር ግን ጨዋ ማለት ፊደል ያልቆጠረ ማለት ነው። ስለዚህ ፊደል የቆጠረ ገበሬ በአንዱ ትርጉም ጨዋነቱን ትቷል፤ በሌላው ትርጉም ግን ጨዋነቱ ጨመረ እንጂ አልጎደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ደፋር ስናይ «ወንድ ነው» እንላለን፤ ሴቷንም «ወንድ ናት» እንላታለን። ሮማውያንም እንዲሁ ነበሩ። «ቨርቹየስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ማለትም ምግባረ መልካም፣ የመጣው በላቲን ወንድ ከሚለው ቃል ነው። ነገር ግን በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የጠላት ጦር የሚጠጣበትን የውኃ ምንጭ አሲዘው ያስጨነቁት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። ለእሳቸው ከወንድ ስም መዋስ አያስፈልግም።

እንግዲህ የቃላት ታሪክ የሚያስተምረን ይህን ነው። ክብር ከዘር ተነሥቶ ወደ ሥራ ሲሄድ አይተናል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ኦነስት የሚባለው የባላባት ልጅ ሳይሆን የማይዋሽ ሰው ነው። ጄኔረስ የሚባለውም ያለውን የሚያካፍል ነው። ሚዛን የማያጎድል ነጋዴ፣ ዘመዴ ሳይል እውነቱን የሚመሰክር ገበሬ፣ በሌሊት ወንዝ ተሻግራ ምጥ የያዛትን የምታዋልድ እናት፣ እነዚህን ቃላት ሁሉ በሥራቸው ገዝተዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ስሙን የሚያውለው ግን ሥራው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ድሮ የተከበረ፣ ዛሬ ግን ስድብ የሆነ ቃል አለ? እንዴት ተለወጠ?
2. «ደፋር» ምስጋና የሚሆነው መቼ ነው? ወቀሳ የሚሆነውስ?
3. ከመንደራችሁ ሰዎች መካከል ጦር ሜዳ ሳይሄዱ ጀግና ሊባሉ የሚገባቸው እነማን ናቸው? ለምን?